የጓድ ሙሉሃብት የሥራ ልምድ

ዘመንን በዘመን የሚተካ፣ የሹምንም ልምድ ያለ ማስረጃ የሚያውቅ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፤ የምናገረው ውዳሴ እንጂ ሐሜት አይደለም።

በደርግ ዘመን የብልባላ መሠረተ ትምህርት ጣቢያ የአስተዳደር ሠራተኛ የነበሩት ጓድ ሙሉሃብት፣ አስቀድመው በሁለት ታላላቅ ኃላፊነቶች ተፈትነዋል። በገበሬ ማኅበሩ ወፍጮ ቤት ሳሉ ድንጋዩ እንዳይበላ ብለው ወፍጮውን አስቁመው ቆለፉ፤ ድንጋዩ እስከ ዛሬ አዲስ ነው። ወደ ማኅበሩ ሱቅ ሲዛወሩም፣ ጨው በተሸጠ ቁጥር እንደሚቀንስ በብርቱ ጥናት ደርሰውበት ሱቁን ዘጉ። "የሕዝብ ንብረት ዘብ" ተብለው ወደ ትምህርት ያደጉት በዚህ ነው።

በዚያም ጠመኔ ሲጻፍበት እንደሚያልቅ አስተዋሉ።

"ጓድ፣ ሰሌዳው የት ገባ?" አለች ይማርሽ፣ ከሀ ወደ ሁ ሳትሻገር የተቋረጠባት ባልቴት።

"ተቆልፎበታል። ሰፊው ሕዝብ እንዳያበላሸው።"

"ታዲያ በምን እንማር?"

"በንቃት!"

ተማሪው ተበተነ፤ ጣቢያውም ሳይነካ ተጠበቀ።

በዚያው ሰሞን የውትድርና ምልመላ ጽሕፈት ቤት ተከፈተና የይማርሽ አንድያ ልጅ ምስጋኑ ታፈሰ። ምልምሎቹን የሚወስደው የጭነት መኪና ደጅ ቆሞ ሳለ፣ የጽሕፈት ቤቱ ሹም የአስተዳደር ሰው እንደሚፈልጉ ተሰማ። ይማርሽ እያለቀሰች ደጄ ወደቀች።

"የኔታ፣ ስለ እመቤቴ! ያን ሰው ያስሹሙልኝ።"

"የቱን ሰው?"

"ባለ ቁልፉን ነዋ!"

ለባልቴት ማስተዋልን የሰጠ ይክበር! የደብሩን ሽማግሎች ይዤ ከሹሙ ፊት ቆምሁ።

"ልምዱስ?" አሉን።

"ጓድ፣ እርሱ የያዘው ነገር ሲባክን ያየ የለም።"

አልዋሸንም።

ጓድ ሙሉሃብት በተሾሙ ማግሥት፣ መኪና በሄደ ቁጥር ጎማው እንደሚበላ ደረሱበት፤ ቁልፉንም ኪሳቸው ከተቱ። ምልምሎቹ ቀለብ ሲፈጁ ባዩ ጊዜ ደግሞ እህሉ አሳዘናቸው፤ "ከየቤታችሁ በልታችሁ ተመለሱ" ብለው ለቀቋቸው። ምስጋኑ እስካሁን በልቶ አልጨረሰም። ከቆመው መኪና ሥር የዘበኛው የየሻው ዶሮ ጫጩት ፈለፈለች።

ከላይ የመጣው ተቆጣጣሪ ያልተነካውን ጎማ ዳስሶ፣ "ለአውራጃ የሚሆን ሰው ነው!" አለ። እኛም ከአውራጃ ወደ ክፍለ ሀገር፣ ከክፍለ ሀገርም ወደ መጨረሻው ወንበር ከፍ እንዲሉ ሱባኤ ገባን።

አንባቢ ሆይ፣ ቤትህን ይባርክ፤ ጎተራህን አያጉድል፤ ልጅህን በሚሻ መሥሪያ ቤት ሁሉ ላይ እንዲህ ያለ ባለ ልምድ ይሹምልህ። አሜን።