የእህቴ ደካማ ተማሪ

[የጎልማሶች እንግሊዝኛ ማስተማሪያ ክፍል፣ ጠዋት። ተማሪዎቹ ገና አልገቡም። እህትየዋ የክፍሉ አስተማሪ ናት፤ ታላቅ ወንድሟ የድርጅት ሹፌር። እሱ ስልኩን በእጁ ጨብጦ ወንበሮቹ አጠገብ ቆሟል።]

ሹፌር፡ አልቀመጥም አልኩ፣ አልቀመጥም!

እህት፡ ጋሼ፣ ወንበር እኮ ነው። አይነክስም።

ሹፌር፡ የተማሪ ወንበር ነዋ! አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ ፊቴ ቆማ «በል ድገም» ልትለኝ? ሰው ቢያይስ?

እህት፡ ማን አለና ነው የሚያየው? ይልቅ ፈረንጇ አለቃችሁ ዛሬ ጠዋት ደውላ በእንግሊዝኛ ልትፈትንህ አይደል?

ሹፌር፡ ነው።

እህት፡ ታዲያ ምን ልትላት አሰብክ?

ሹፌር፡ «ሄሎ» እላታለሁ።

እህት፡ ከዚያስ?

ሹፌር፡ ከዚያማ ኔትወርኩ ይቋረጣል።

እህት፡ ባይቋረጥስ?

ሹፌር፡ እኔ አቋርጠዋለሁ! [ይስቃል፤ ሳቁ ቶሎ ይጠፋል] አንቺ ልጅ፣ ይሄ የእንግዶች ሹፌርነት ካመለጠኝ እስከ ጡረታዬ ሲሚንቶ ሳመላልስ ልኖር ነው። ወገቤ አልቋል። ግን ምን ላድርግ፣ እንግሊዝኛ ጎልማሳ ጭንቅላት ውስጥ አይገባም። በቃ!

እህት፡ [ትንሽ አሰብ አድርጋ] እሺ፣ ያንተን ተወው። እንዲያውም እርዳታ የምፈልገው እኔ ነኝ። አንድ ጎልማሳ ተማሪ አለኝ፤ አቃተኝ። ስንት ቃል እያወቀ አፉን አይከፍትም።

ሹፌር፡ [ደረቱን ነፍቶ] እንዲህ በይኛ! ለምንድነው የማይከፍተው?

እህት፡ ያፍራል። በዚያ ላይ ኩሩ ነው።

ሹፌር፡ ኩሩም ሰነፍም! እንዲህ ዓይነቱን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ስሚ፣ በመጽሐፍ አታድክሚው። ሥራ እያስመሰልሽ አጫውቺው። ነይ ላሳይሽ። አንቺ ሹፌር ነሽ፣ እኔ ደግሞ አለቃ።

እህት፡ መንጃ ፈቃድ የለኝም እኮ።

ሹፌር፡ ጨዋታ ነው!

እህት፡ ትራፊክ ቢይዘንስ?

ሹፌር፡ ክፍል ውስጥ ምን ትራፊክ አለ? እንኪ፣ ይሄ ዳስተር መሪ ነው። በይ ቦታሽን ያዢ።

[እህት ዳስተሩን ይዛ ሄዳ መጨረሻው ወንበር ላይ ትቀመጣለች።]

ሹፌር፡ ወዴት ነው?

እህት፡ መኪናዬ ውስጥ።

ሹፌር፡ ሹፌር ከኋላ ተቀምጦ ነው የሚነዳው?

እህት፡ መስኮት ያለው እዚህ ነዋ።

ሹፌር፡ [ራሱን ይዞ] ያ ተማሪሽ ደካማ ቢሆን አይፈረድበትም! ነይ ወደፊት! ጥያቄ… ቆይ… «ጌስት… ሌት»። እንግዳው ዘገየ። ምን ታደርጊያለሽ?

እህት፡ ቤቱ ገብቼ ብርድ ልብሱን እገፍፈዋለሁ።

ሹፌር፡ ኧረ አታዋርጂን!

እህት፡ እሺ፣ «አይ ዌይት» ልበል ወይስ «አይ ጎ»?

ሹፌር፡ ጥለሽው ልትሄጂ? «ዌይት» ነው እንጂ! «አይ ዌይት፣ ኖ ፕሮብሌም!» ድገሚ!

እህት፡ «አይ ፕሮብሌም።»

ሹፌር፡ እሱስ እውነትሽን ነው። ግን እንደሱ አይባልም! «አይ ዌይት፣ ኖ ፕሮብሌም!»

እህት፡ አልያዘልኝም። እስቲ አንዴ ድገምልኝ።

ሹፌር፡ «አይ ዌይት፣ ኖ ፕሮብሌም!» አየሽ፣ ትዕግሥት ይጠይቃል። አንቺም ለሰውዬሽ ደጋግመሽ ነው። ጮክ ብለሽ ነው።

እህት፡ ገባኝ፣ ደጋግሜ። እሺ፣ መንገዱ ቢዘጋስ?

ሹፌር፡ እሱንማ እኔ ነኝ የምጠይቅሽ! «ሮድ ኢዝ ክሎዝድ!» ምን ታደርጊያለሽ?

እህት፡ ወርጄ እሳደባለሁ።

ሹፌር፡ እንግዳ ጭነሽ?

እህት፡ እንግዲያው «ጎ ሆም» እለዋለሁ።

ሹፌር፡ አውሮፕላን ሊያመልጠው ወደ ቤቱ ትሰጂዋለሽ? አንቺ ሴትዮ፣ ሹፌር ነሽ ወይስ ደመኛው? «ዶንት ወሪ ሰር! አይ ኖው አናዘር ሮድ!» ሌላ መንገድ አውቃለሁ ነው የሚባለው!

እህት፡ ስለዚህ «ፋስት» እነዳለሁ?

ሹፌር፡ «ኖት ፋስት! ሴፍ!» ይሄን ሁሉ ዘመን ስነዳ ጭረት እንኳ አላስገባሁም! «ሎንግ ታይም አይ ድራይቭ፣ ኖ አክሲደንት!»

እህት፡ ሻንጣውንስ? ራሱ ይሸከም?

ሹፌር፡ [ቦርሳዋን ከጠረጴዛው ላይ ነጥቆ] «ጊቭ ሚ! አይ ሄልፕ ዩ!» ይኸው፣ በእጅሽ እያሳየሽ! እንዲህ ነው የሚባለው!

እህት፡ [አገጯን ይዛ] እንዴት አድርጌ ነው ግን ተማሪዬን እንዲህ የማስለፈልፈው?

ሹፌር፡ ቀላል ነው። ሲሳሳት አትሳቂበት። ከዚያ በሚያውቀው ሙያ ግቢና አናድጂው። ያ ድንጋይ ራስ ሲናደድ ማፈሩን ይረሳዋል።

እህት፡ ትልቅ ዘዴ ነው፣ ጋሼ።

ሹፌር፡ አንቺ የት ታገኚዋለሽ! ዲፕሎማ ብቻ መስሎሻል…

[ስልኩ ይጮኻል። ሹፌሩ ቁጥሩን ያያል፤ ፊቱ አመድ ይመስላል።]

ሹፌር፡ እሷ ናት! አንቺ አንሺው! ሞቷል በያት!

እህት፡ እኔማ «አይ ፕሮብሌም» ብቻ ነው የማውቀው።

[ስልኩን ከፍታ ጆሮው ላይ ትለጥፍለታለች።]

ሹፌር፡ ሄሎ… የስ ማዳም… [በሹክሹክታ ለእህቱ] እንግዳው ቢዘገይ ነው የምትለው!

እህት፡ [በሹክሹክታ] ብርድ ልብሱን እገፍፈዋለሁ በላት።

ሹፌር፡ [በንዴት አፍጥጦባት፣ ወደ ስልኩ] «ኖ! አይ ዌይት ማዳም፣ ኖ ፕሮብሌም!»… «ክሎዝድ? ዶንት ወሪ! አይ ኖው አናዘር ሮድ!»… «ኖት ፋስት ማዳም፣ ሴፍ! ሎንግ ታይም አይ ድራይቭ፣ ኖ አክሲደንት!»… «ባግ? የስ የስ፣ አይ ሄልፕ!»… [ያዳምጣል፤ ዓይኑ ይፈጣል] «መንደይ? መንደይ! ታንኪው ማዳም!»

[ስልኩን ይዘጋል።]

ሹፌር፡ ሰኞ ጀምር አለችኝ! ሲሚንቶ ቀረ! ወገቤ ተረፈ!

እህት፡ [አንገቱ ላይ ተጠምጥማ] እሰይ፣ እሰይ የኔ ጋሼ! እንኳን ደስ ያለህ!

ሹፌር፡ አየሽ? ያለ ማንም አስተማሪ!

እህት፡ አየሁ።

ሹፌር፡ አሁን ያንን ደካማ ተማሪሽን አምጪልኝ። እኔ ራሴ ቀጥ አድርጌ አስተምርልሻለሁ።

እህት፡ አትድከም ጋሼ፣ እሱ አልፏል።

ሹፌር፡ መቼ?

እህት፡ አሁን፣ ስልኩን ስትዘጋው።