አያ ቂርቆስ እና ቬሪያቸው

ነገርን በልኩ መናገር የማይሆንለት ሰው በየመንደሩ አንድ አይጠፋም። ለእኛ የደረሱን አያ ቂርቆስ ናቸው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ሲኬድ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለው መንደራችን ሌላው ሰው ሲበርደው «በረደኝ» ይላል። አያ ቂርቆስ ግን ጋቢያቸውን ጠቅልለው «ኤክስትሪምሊ ኮልድ» ይላሉ።

እንግሊዝኛውን ያመጡት አስፋልቱ ሲሠራ ለፈረንጆቹ የዕቃ ቤት ጠባቂ ሆነው ነው። ሌላው ከዚያ ሥራ አካፋም ቆርቆሮም ይዞ ወጣ፤ እሳቸው ማጋነኛ ይዘው ወጡ። ሌላ እንግሊዝኛ እምብዛም የላቸውም። «ቬሪ»፣ «ሶ»፣ «ቱ»፣ «አብሶሉትሊ» ግን ጎተራ ሙሉ ነው። ሊቀ ማጋነኛ ብንላቸው አይበዛባቸውም።

አንድ ጊዜ ቡሬ ገበያ በርበሬ ቀምሰው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሻጯ «ያቃጥላል አይደል?» ብትላቸው «እታለም፣ ማቃጠልማ ትንሽ ቃል ነው፤ ቬሪ ቬሪ ሆት» አሏት። ለቅሶ ቤት ገብተው «አብሶሉትሊ ሶሪ» ሲሉ ደግሞ እንግሊዝኛ የማይሰማው ሁሉ አለቀሰ፤ እኔ ሳቄን ለመያዝ ነጠላዬን ነከስሁ።

ታዲያ ዘንድሮ የጉድጓዳችን ፓምፕ ተበላሸ። ሴቶቹ ጀሪካን አዝለው ወንዝ መመላለስ ጀመሩ። ነፍሰ ጡሯ ጎረቤቴ ያምሮት ዳገቱ ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። በዚህ መሐል አንዲት ፈረንጅ መሐንዲስ ከአስተርጓሚዋ ጋር መጣች። ያላት ፓምፕ አንድ ነው፤ ከእኛና ከወንዝ ማዶው መንደር ለባሰበት ትሰጣለች። ማዶዎቹ እንኳ ጓሯቸው ምንጭ አለ።

አያ ቂርቆስን «እባክዎ፣ ዛሬ እንኳ ዝም ይበሉ» ብለን ለመንናቸው። ቅር እያላቸው ከኋላ ተቀመጡ።

መሐንዲሷ ውኃው እንዴት እንደሆነ አስጠየቀች። የመንደሩ ታላቅ ቄሰ ገበዝ ወልደ ዮሐንስ ብድግ ብለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን» አሉ። መቼስ በእኛ አገር ችግር እንግዳ ፊት አይዘረገፍም። ወንዙ ይርቃል ወይ ስትልም «ኧረ ምንም አይል» አሏት። የወደቀችው ያምሮት ራሷ ስትጠየቅ መሬት መሬት እያየች «ደህና ነኝ፣ ይመስገን» አለች። አስተርጓሚው ሁሉንም «ፋይን፣ ፋይን» እያለ አቀበላት። ሴትዮዋ ደስ ብሏት ቦርሳዋን ዘጋች። ፓምፓችን በጨዋነታችን ምክንያት ወንዝ ሊሻገር ነው። እኔም እንደ ጨዋ ነጠላዬን አስተካክዬ ተቀመጥሁ።

አያ ቂርቆስ ከኋላ ተነሡ። «ኖት ፋይን» አሉ። አንድ ባዶ ጀሪካን አንሥተው ፊቷ ገለበጡት። «ቬሪ ኖት ፋይን። ወተር አብሶሉትሊ ኖ። ሪቨር ቱ ፋር፣ ቱ ቱ ፋር።» ከዚያ ወደ ያምሮት ሆድ አመለከቱ። «ሺ ፎል። ኤክስትሪምሊ ፎል።»

ቄሰ ገበዙ ደንግጠው «ኧረ ቂርቆስ፣ በእንግዳ ፊት?» አሏቸው።

«ይፍቱኝ አባቴ፣ በአማርኛ አላማረርሁም።»

መሐንዲሷ ጀሪካኑን ተቀብላ ራሷ ወንዝ ወረደች። ሞልታ አዝላ ስትመለስ ላብ በላብ ሆናለች። ጀሪካኑን አስቀመጠችና ወደ አያ ቂርቆስ ዞራ «ቱ ቱ ፋር» አለች። ፓምፑ ለእኛ ሆነ።

በተተከለ ዕለት ውኃውን መጀመሪያ አያ ቂርቆስ ይቅመሱ ተባለ፤ ያሉትም ቄሰ ገበዙ ናቸው። ያምሮት የወለደችውን ልጅ አዝላ በጣሳ ቀዳችላቸው። ጠጡ። መንደሩ ሁሉ ቬሪያቸውን ይጠብቃል። ጺማቸውን ጠረጉ፣ «ጥሩ ነው» አሉ። ሌላ ቃል እንባው አላስወጣ አላቸው።

እንዴት ተደርጎ «ጥሩ» ባዶውን ይቀራል? ተነሣሁና ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ «ቬሪ» አልሁላቸው። ቄሰ ገበዙ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከጎኔ ተነሡና ሁለተኛውን ቬሪ ጨመሩበት።