ኦረስትና የተወሰደበት በረኛ

የበረዶ ሜዳ ባለበት ከተማ ሁሉ፣ ማንም ሳይሾመው የሆኪውን ቡድን የሚያስተዳድር አንድ ሰው አይጠፋም። ደመወዝ የለውም፣ ቢሮ የለውም፣ የሚሰማውም የለም፤ ከሥራው ግን አንድ ቀን ቀርቶ አያውቅም። ጨዋታ ባለባቸው የብርድ ወራት እንኳ ይቻላል፤ ቁጣውን በረዶው ላይ ያሉት ልጆች ይካፈሉታል። መከራው የሚመጣው በረዶው ቀልጦ፣ ውድድሩ ተዘግቶ፣ ሥራ አስኪያጆች ተጫዋች መለዋወጥ ሲጀምሩ ነው። ያኔ ቁጣው እንዳለ ለጎረቤት ይተርፋል።

የእኛዋ ከተማ የፌርሎው ባለሥልጣን ክቡር አቶ ኦረስት ሶሮካ ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ ሰውየው ግን ከቤቴ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ የሚኖር የሠላሳ ዓመት ጎረቤቴ ስለሆነ ከዚህ በኋላ አንተ እለዋለሁ። የእህል ጎተራ ሲጠብቅ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። የጉጉቶች፣ ማለትም የከተማችን ቡድን፣ ደጋፊ ከሆነ አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከአርባ አንዱ ውስጥ ደስ ያለው ሁለቱን ዓመት ነው ይባላል፣ እሱ ግን አንዱን ይክዳል።

ኦረስት ንግግሩን ሁልጊዜ የሚጀምረው በትሕትና ነው። «እኔ ምን አውቃለሁ?» ይላል። «እኔ ትኬት ገዢ ነኝ።» ይህን ካለ ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ፤ አንድ ሰዓት አይበቃውም። ተከላካይ ሲለቁ «እንዴት ይለቁታል!» ብሎ ሦስት ሳምንት ያዝናል። ሌላውን ተከላካይ ሳይለቁ ሲቀሩ ደግሞ «አሁንም አለ?» ብሎ አራት ሳምንት ያዝናል። ክለቡ አዲስ የበረዶ ማለስለሻ መኪና የገዛ ጊዜ፣ አሮጌዋ ኩርባ ላይ ትሻል ነበር ብሎ ለጋዜጣ ደብዳቤ ጽፏል። ደብዳቤው ወጥቷል፤ ጋዜጣችን ሌላ የሚያወጣው ነገር ብዙም የለውም።

የዘንድሮው ግን ከዚህ ሁሉ የባሰ ነበር። የጉጉቶች ተጫዋቾች ከሩቅ ከሩቅ የሚመጡ ወጣቶች ናቸው፤ የሚኖሩትም በከተማው ሰው ቤት ነው። አልጋና እራት ከአስተናጋጁ፣ ጎል ከልጁ፣ እንዲህ ነው ውሉ። ኦረስትና ባለቤቱ ማርሊን ሦስት ዓመት ያኖሩት ብሮዲ የሚባለውን በረኛ ነበር። ልጁ በአሥራ ሰባት ዓመቱ አንድ ሻንጣና አንድ ክምር የበረኛ መከላከያ ይዞ መጣ። መከላከያው ምድር ቤት ሲሰቀል ሽታው መንገድ ተሻግሮ እኔ ዘንድ ይደርስ ነበር። ኦረስት ግን ምንም አይሸትም ብሎ ይከራከራል። ማለዳ ማለዳ ጋራዥ ውስጥ ብሮዲን አቁሞ የቴኒስ ኳስ ይመታበታል፤ ጉልበቱን ታሞ፣ ስልሳ ስድስት ዓመቱ ሆኖ። የጋራዡ በር እስከ ዛሬ በረዶ የወረደበት ቆርቆሮ ይመስላል።

በሰኔ ግሌን የሚባለው ሥራ አስኪያጅ ብሮዲን አሳልፎ ሰጠው። ሃያ ዓመት የሞላቸውን ከሦስት በላይ ማስመዝገብ አይፈቀድም፣ የእኛ ቡድን ደግሞ አራት ነበሩት። አንዱ መሄድ ነበረበት፣ ሄደም። የሄደው ግን ወዴት ነው? አርባ ኪሎ ሜትር ላይ ወዳለችው ብራንደር፣ ወደ ተኩላዎች፣ ከነፍሳችን ወደምንጠላቸው ሰዎች። በምትኩ ኤቲየን የሚባል አጥቂ ከኪቤክ ሊመጣልን ሆነ።

ወሬውን ኦረስት ያደረሰን ነዳጅ ማደያው ጀርባ ባለችው ምግብ ቤት፣ ጡረተኞች በምንሰበሰብበት ጠረጴዛ ላይ ነው። የጨው ዕቃውን አንስቶ መሀል አቆመው።

«ይሄ ብሮዲ ነው» አለ። ከዚያ አንዲት የተጠቀመባትን ስቴኪኒ አጠገቡ አጋደማት። «ይቺ ደግሞ በሱ ፋንታ የመጣችው ናት። በሉ ፍረዱ።»

«ስቴኪኒም እኮ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ» አልኩት።

«ዋልት፣ አንተ ዝም በል። አንተ ሆኪ የምታየው ሙቀት ፍለጋ ነው።» ወደ ሌሎቹ ዞረ። «እኔ ምን አውቃለሁ? ግን ከመቶ ምት ዘጠና ሁለቱን የሚያድን በረኛ ለጠላት የሚያስረክብ ሰው፣ ወይ አእምሮው ተነክቷል ወይ የብራንደር አማች ነው።»

ቁጥሩን ለሁሉም ነገረ። ለፖስታ አመላላሿ ነገረ። ለቄሱ ነገረ። ፍሳሽ ሊጠግን ለመጣው ሰውዬም ነገረው፤ ሰውየው የብራንደር ሰው ስለነበር በጣም ደስ አለው።

በሐምሌ የክለቡ ዓመታዊ ስብሰባ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ተጠራ። ቡድኑ የከተማው ሰው ንብረት ስለሆነ ማንም ተነስቶ መጠየቅ ይችላል፤ ኦረስትም ሰባት ገጽ ይዞ ተነሳ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ገጾች ቁጥር ነበሩ። ስድስተኛው ላይ ድምፁ መለወጥ ጀመረ።

«ለመሆኑ» አለ፣ «ጨዋታ ባለበት ቀን እንቁላል እንደማይስማማው ለብራንደሮች ነግራችኋቸዋል?»

ግሌን መነጽሩን አወለቀ። «ኦረስት፣ ይሄ አጀንዳው ላይ የለም።»

«የቀኝ እግሩን ጫማ ቀድሞ ካላሰረ ቀኑን ሙሉ እንደሚከፋውስ?»

«ፋይሉ ላይ አለ።»

«ፋይሉ ላይ የለም! ፋይሉን የሞላሁት እኔ ነኝ!»

ማርሊን የጃኬቱን ጫፍ ሳብ አደረገችው። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሰውየው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሲመታ ነው የከረመው። ሥራ አስኪያጁ፣ ዝውውሩ፣ ዘጠና ሁለቱ ምት፣ ሁሉም ዳውላ ነው። ኦረስት ቀንቷል። ብራንደር ውስጥ ሌላ ሰው ለብሮዲ እራት እያቀረበ ነው፤ ይህ ነው እንቅልፍ የነሳው።

ግሌን ግን አልገባውም፤ ወይም ገብቶት ለማባበል ፈልጎ ይሆናል። «አዲሱ ልጅ ነሐሴ ላይ ይመጣል» አለ። «የናንተ ክፍል ባዶ ነው አይደል?»

«ቀለም እየተቀባ ነው» አለ ኦረስት።

ቀለም የገዛ ሰው እንደሌለ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ቀለም የሚሸጠው አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። የግሌን ዓይን አዳራሹን ዞሮ ዞሮ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሁለት ባዶ ክፍል ያለው ሰው ላይ አረፈ። ምን ውስጥ እንደገባሁ ሳላውቅ፣ አዲሱን ልጅ አስተናግዳለሁ የሚል ወረቀት ላይ ፈረምኩ።

የብሮዲ አዲሱ አስተናጋጅ ዶክተር ላይል ኬስለር የሚባል የጥርስ ሐኪም ነበር። ሐይቅ ዳር ቤት አለው፣ ጀልባ አለው። ብሮዲ በየሳምንቱ ለኦረስት ፎቶ ይልካል፤ ኦረስትም ስልኩን ይዞ መንገዱን ተሻግሮ ይመጣል፣ ማስረጃ እንደያዘ ዐቃቤ ሕግ። ብሮዲ ጀልባ ላይ። ብሮዲ የክንዱን ያህል ዓሣ ይዞ። ብሮዲ የተጠበሰ ሥጋ ፊት ለፊት።

«ሥጋውን እየው፣ ጥሬ ነው! የመንሳፈፊያ ጃኬቱንስ አየህ? ዋና አይችልም፣ ጃኬቱን አላሰረለትም!»

«ብሮዲ ዋና ይችላል» አለች ማርሊን፣ ልትጠራው ተከትላው መጥታ። «የማትችለው አንተ ነህ።»

«ጀልባ ያለው ሰው ሁሉ ጉረኛ ነው» አለ ኦረስት። «ጥርስ ሐኪም ደግሞ ያው፣ ሰው አፉን ከፍቶ ስለሚያየው ሁሉም የሚያደንቀው ይመስለዋል።»

ፈጣሪም ሰማው መሰለኝ፣ በሳምንቱ መንጋጋው ታመመ። በመቶ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው የጥርስ ሐኪም ላይል ኬስለር ብቻ ነው። ኦረስት አልሄድም አለ። ሦስት ሳምንት በግራ በኩል እያኘከ፣ ቅርንፉድ እየነከሰ፣ በዊስኪ እየተጉመጠመጠ ከረመ። ጉንጩ አብጦ አንድ ዓይኑ ሊከደን ደረሰ። እንዲያም ሆኖ ስለ ዝውውሩ ማውራቱን አላቆመም፤ ብቻ የሚለው አይሰማም ነበርና ለኛ ጥሩ ጊዜ ነበር።

በመጨረሻ ማርሊን ጉጠት ይዛ ሳሎን ገባች። «ወይ እሱ ጋ ትሄዳለህ፣ ወይ እኔ እነቅለዋለሁ» አለችው። ያደረስኩት እኔ ነኝ። መንገዱን ሙሉ «ስለ ልጁ አንዲት ቃል አልተነፍስም» ይለኝ ነበር። እስከ ሕክምና ክፍሉም ድረስ ይዞኝ ገባ፤ ምስክር ያስፈልገኛል አለ።

ላይል ኬስለር ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ትከሻው የወደቀ ሰው ነው። ካርዱን አየ፣ ኦረስትን አየ፣ እንደገና ካርዱን አየ። መርፌ ወጋው፣ መደንዘዙን ጠበቀ፣ አፉን በመሣሪያ ከፍቶ ሁለት እጁን ካስገባ በኋላ ነው የተናገረው።

«ያ ኦረስት እርስዎ ነዎት አይደል?»

«ኣኣ» አለ ኦረስት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኔና ባለቤቴ የእርስዎ ነገር ሰልችቶናል።» የጥርስ መሰርሰሪያው መጮህ ጀመረ። «ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ጋራዥ ገብቼ ኳስ እመታለታለሁ። ሆኪ ተጫውቼ አላውቅም፣ ግን እመታለሁ። 'ኦረስት ጠንከር ያደርገዋል' ይለኛል። ባለቤቴ ከመጽሐፍ እያየች፣ ሦስት ሰዓት ቆማ ፒሮጊ፣ ያንን ድንች የሚሞላበትን ሊጥ፣ ሠራችለት። በላ፣ አመሰገነ። ከዚያ 'ማርሊን ሽንኩርቱን ቡናማ እስኪሆን ነው የምትጠብሰው' አላት። ጓዳ ገብታ አለቀሰች እኮ!»

«ኣኣኣ» አለ ኦረስት።

«አልጨረስኩም። ጀልባ አለኝ። ጀልባዬ ላይ አሳፍሬው፣ መረቤን ይዤለት፣ ዓሣ ሲይዝ 'ፎቶ አንሳኝ' ይለኛል። ለማን ነው ስለው 'ለሽማግሌው' ይለኛል። በኔ ጀልባ!» መሰርሰሪያውን አቆመው። «ሦስት ዓመት ምን አድርገውለት ነው? እኔም እኮ ደግ ሰው ነኝ።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መናገር የማይችል ኦረስት አየሁ። ወንበሩ ላይ ተንጋሎ ጣሪያውን እያየ፣ ከሁለቱም ዓይኖቹ እንባ ወደ ጆሮው ይወርድ ነበር። መርፌው ነው ያደረገው ብሏል በኋላ። እጁን ግን አንስቶ የሐኪሙን ክንድ ሁለት ጊዜ መታ መታ ሲያደርግ አይቻለሁ፤ ምስክር ነኝ።

ስንመለስ ግማሽ ፊቱ ደንዝዞ አሥር ኪሎ ሜትር መስኮቱን ተደግፎ ሄደ። ከዚያ «ክፉ ሰው አይደለም» አለ። ሌላ አሥር ኪሎ ሜትር ሄደን «ልጁ ያሳዝነኛል እንጂ፣ እሱ እንኳ ምን አጠፋ» አለ። «እሱ» ያለው ልጁን ይሁን ሐኪሙን አልጠየቅኩትም። ፌርሎው ስንገባ ብሮዲ ጋ እንድደውልለት ጠየቀኝ፤ በደነዘዘ አፉ የሚለውን ልጁ የተረዳው አይመስለኝም፣ ግን እስከ ቤቱ ደጃፍ ድረስ በስልኩ ውስጥ ሲስቅ ይሰማኝ ነበር።

ነሐሴ ላይ ኤቲየን መጣ። ዓይን አፋር ልጅ ነው፤ በኛ ቋንቋ የሚያውቀው «እሺ» እና «አመሰግናለሁ» ብቻ። አዲስ ፍራሽ ገዛሁለት። ከሚስቴ ሞት ወዲህ ያልነካሁትን ትልቁን ድስት አውርጄ ሾርባ መሥራት ጀመርኩ። እሱ «እሺ» ይላል፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፣ እንበላለን። ከአራት ዓመት በኋላ በቤቴ ሁለት ማንኪያ ሲንኳኳ ሰማሁ። ደስ አለኝ፣ ምን ልደብቅ።

በሳምንቱ ኦረስት መንገዱን ተሻገረ። «አመታቱን ልየው ብዬ ነው» አለ። በማግስቱ ጋራዡ ውስጥ አቆመው። በአራተኛው ቀን ልጁ ከእራት በፊት ጠፋ፤ ሲመለስ ጠግቦ ነበር። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። መስኮቴ ላይ ቆሜ የማዶውን መብራት ሳይ፣ በመስታወቱ ውስጥ ልጁ ሲስቅ አየሁት። እኔ ጋ አንድም ቀን ስቆ አያውቅም። ቅናት የሌላ ሰው በሽታ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ተራ እየጠበቀልኝ ነው። የሠላሳ ዓመት ጎረቤቴን ሁለት ፒሮጊ ባልጠገበ ልጅ ምክንያት ልጣላው ኮቴን ለበስኩ።

ሳላንኳኳ በሩን ከፍቼ ገባሁ። ኤቲየን አፉ ሞልቶ ተቀምጧል። ኦረስት ሹካውን እንደ ዱላ ይዞ ቆሞ ያስተምረዋል።

«ብሮዲን ሰጥቶ አንተን መቀበል በዚህ ክለብ ታሪክ ትልቁ ስህተት ነው። ገባህ?»

«እሺ» አለ ኤቲየን።

«ትልቁ!» አለና ስድስት ፒሮጊ ጨመረለት።

«ይሄ ልጅ የኔ ነው» አልኩ ከበሩ ላይ። ድምፄ ሳላስበው ጮክ ብሎ ወጣ። ማርሊን ጭልፋዋን አስቀመጠች።

ኦረስት ዞሮ አየኝ። ከሰኔ ወዲህ ያላየሁት ፈገግታ ፊቱን ቀስ እያለ ሞላው።

«ዋልት፣ ቀናህ እንዴ?»

«ቀናሁ» አልኩት።

«እሰይ» አለ፣ ወንበር እየሳበልኝ። «በል ተቀመጥ፤ አሁን ገና ስለ ሆኪ ልናወራ እንችላለን።»