«ማን ነካው?» ባዩ ባለሙያ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ዛሬ የጻፍኩትም በአፌ መናገር ስለማፍር ነው። የኤሌክትሪክ ባለሙያ ገጥሟችሁ ያውቃል? ገና ሳጥኑን በደንብ ሳያይ «ይህን ማን ነው የነካው?» ይላል። አምና ራሱ ነክቶት ቢሆንስ? እሱን ረስቶታል!

እኔ ደብረ ታቦር ባለ አንድ ዱቄት ፋብሪካ የትራንስፎርመሩን ክፍል አጸዳለሁ። ወፍጮው ሲንቀጠቀጥ የዋናው ማብሪያ ሳጥን በር ገርበብ ይላል፤ በሩ ካልገጠመ ደግሞ ማብሪያው አይዝም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በጉልበቴ ገፋ አድርጌ እዘጋዋለሁ። ሰኞ ዕለት ባጃጅ አጥቼ ሳረፍድ ፋብሪካው ቆሞ ጠበቀኝ። የፋብሪካው ባለሙያ የሳጥኑን በር ክፍት አድርጎ ውስጡን በመለኪያው ሲነካካ ሦስት ሰዓት ፈጀ።

«ጋሼ፣ በሩ እኮ...» አልኩ በቀስታ።

«ዝም በይ! በእርጥብ መወልወያሽ ያቃጠልሽው አንቺ ነሽ!»

አጠገቡ የቆሙት ሥራ አስኪያጅ መወልወያውን ከእጄ ተቀበሉኝና «በቃ፣ ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ» አሉኝ።

ምን ላድርግ? በሩን በጉልበቴ ገፋሁትና «አሁን ያንሱት» አልኳቸው። ማብሪያውን ቢያነሱት ያዘ፤ ወፍጮውም ተነሣ። ሥራ አስኪያጁ መወልወያዬን መለሱልኝ።

ባለሙያው ግን አፍጥጦ አየኝና «ማን ንኪ አለሽ?» አለኝ።