ጋሽ ሜትርና የጎደለው ወንዝ

ወንዝ ባለበት ከተማ ሁሉ፣ ወንዙን አምጦ የወለደ የሚመስለው አንድ ሰው አይጠፋም። ዝናብ የሚዘንበው እሱን አስፈቅዶ ነው። ስለ ወንዙ አንድ ቃል ከተነፈስክ አለቀልህ! ምሳህ ይቀዘቅዛል፣ እሱ ግን ገና ምንጩን አልጨረሰም።

የእኛው ክቡር ጋሽ ሜትር ይባላሉ። ጡረታ ሳይወጡ ሥራቸው አንድ ነበር፤ በድልድዩ ምሰሶ ላይ የተቀባውን የውሃ መለኪያ በየጠዋቱ አንብቦ ቁጥሩን ለመሥሪያ ቤቱ መላክ። ጡረታ ወጡ፤ መሥሪያ ቤቱም ቁጥሩን መቀበል ተወ። እሳቸው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ማንበባቸውን ቀጠሉ። ታዲያ የተነበበ ቁጥር ለአንድ ሰው መነገር አለበት አይደል? ያ ሰው እኔ ሆንኩ።

የስልክ ጥገና ሱቄ ድልድዩ ራስ ላይ ናት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የጉንዳን ራስ የምታክል ብሎን በመቆንጠጫ ይዤ ትንፋሼን ውጬ ሳለሁ በሩ ብርግድ ይላል።

"ስልሳ ስምንት!"

ብሎኗ ትወድቃለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው። ወለሉ ቢጠረግ ከብሎኑ ብቻ አንድ መኪና ሳይገጠም አይቀርም።

"ስልሳ ስምንት ምን?" ብሎ የጠየቀ ደንበኛ ወዮለት።

"ሳንቲሜትር ነዋ! ስማ፣ ይሄ ወንዝ ሦስት እናቶች አሉት። አንዷ ከተራራው ጫፍ ትመጣለች፣ አንዷ ከጫካው። ሦስተኛዋ እንዲያው ዝም ብላ ነው የምትመጣው። ሦስቱ የሚገናኙት ከከተማው በላይ፣ ጠባቡ ገደል ጋ ነው። ያ ገደል ደግሞ ትከሻው ልል ነው፤ አንድ ቀን ይናዳል!"

"ጋሼ፣ እኔ ስክሪን ላስቀይር ነው የመጣሁት።"

"ስክሪንህ ይደርሳል። ገደሉ ነው የማይጠብቅህ። እኔና ውሃው አንዋሽም!"

ወንዙ ለሁሉም እንጀራው ነው። ወፍጮ ያዞራል፣ በቦይ ገብቶ አትክልት ያጠጣል፣ አሸዋውም እየተዛቀ ቤት ይሠራበታል። ጋሽ ሜትር የሁሉም አለቃ ናቸው፤ ማንም አልሾማቸውም እንጂ። ባለወፍጮውን ያርሙታል፣ አሸዋ የሚያወጡትን "ከዚህ ሳይሆን ከዚያ ዛቁ" ይሏቸዋል። እህቴን ግን ለብቻዋ ይዘዋታል። እሷ ከስድስት ጓደኞቿ ጋር ወንዙ ዳር ምንጣፍ ታጥባለች።

"ልጄ፣ ማስጫሽን ወደ ላይ አውጪው። የሰፈርሽው ወንዙ አልጋ ላይ ነው፤ አንድ ቀን ይመለሳል።"

"ይምጣ ጋሼ፣ አነጥፍለታለሁ! ምንጣፍ እንደሆነ ሞልቶኛል።"

ባለፈው ክረምት ግን አንድ ነገር ሆነ። ውሃው ለቀናት ሞልቶ፣ ያልታጠበው ምንጣፍ ተቆልሎ፣ አጣቢዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ከረሙ። አንድ ቀን ጠዋት ፀሐይ ወጣ፣ ወንዙም ድንገት ጎደለ። መሀል ወንዝ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ብቅ አለ። ያ ድንጋይ ብቅ ካለ አጣቢ ሁሉ ወርዶ እሱ ላይ ማጠብ ነው፤ ደንቡ ነው። እልል እያሉ ወረዱ።

የሱቄ በር ቀስ ብሎ ተከፈተ። ብሎኗ አልወደቀችም። እንዲያውም ያስደነገጠኝ ይኸው ነው።

"ሠላሳ ሦስት" አሉ ጋሽ ሜትር በሹክሹክታ።

"ጎደለ በሉኛ! እንኳን ደስ ያለዎት።"

"ምን ደስታ አለው? ትናንት ዘጠና አንድ ነበር። ተራራውን እየው፣ ጠቁሯል፤ ላይ እየዘነበ ነው። ውሃው የት ሄደ?" በሩን እንደያዙ ወደ ወንዙ ዞሩ። "ገደሉ ተንዶ ዘግቶታል። ተጠራቅሞ፣ ጥሶ ይመጣል። ለአጣቢዎቹ ልጆች ብነግራቸው ሳቁብኝ።"

እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝም። ግን አሥራ አንድ ዓመት በግድ የሰማሁት ቁጥር ጭንቅላቴ ውስጥ ተቀምጧል ለካ! ዘጠና አንድ፣ ሰማንያ አራት፣ ሰባ ሰባት። ወንዛችን በክረምት ሲጎድል እንደ ሽማግሌ ደረጃ በደረጃ ነው የሚወርደው። ከዘጠና አንድ ዘሎ ሠላሳ ሦስት ሲገባ ሰምቼ አላውቅም። እህቴ መሀል ወንዝ ናት! የሰው ስልክ ሆዱ እንደተከፈተ ጥዬ እግሬ አውጪኝ አልኩ።

"ውጪ!" አልኳት እየጮህኩ።

"ምን ሆነሃል? የጋሽ ሜትር በሽታ ያዘህ እንዴ?"

"ውጪ አልኩሽ!"

"ምንጣፉ የሰው ነው እኮ!"

"የሰው ይሁን! አንቺ የእኔ ነሽ!"

ክንዷን ይዤ ጎተትኳት። የእኔን ፊት ሲያዩ ሌሎቹም እያጉረመረሙ ተከተሉ። ድልድዩ ራስ ላይ ወጥተን ቆምን። አሥር ደቂቃ አለፈ፤ ምንም የለም። አንዷ አጣቢ "ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ እኛን በቁማችን አሰጡን" አለች። ጋሽ ሜትር ጣታቸውን እያጠፉ ሰባቱን ሴቶች ይቆጥራሉ፣ ጨርሰው እንደገና ይቆጥራሉ።

ከዚያ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ውሃው ግንድና ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። ጠፍጣፋውን ድንጋይ ዋጠው፣ ማስጫውን ከነምንጣፉ ጠረገው፣ ምሰሶው ላይ ያለውን መለኪያ ፍቆ ወሰደው። ሰው ግን አልነካም። አንድም ሰው! እህቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ እኔም አልቅሻለሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ። ሦስት ሆነ። በሩን የከፈተ የለም። ብሎኗን እንደያዝኩ ቀረሁ፤ ሥራ የሚባል አልሠራሁም። ሲጨንቀኝ ከእህቴ ጋር ቤታቸው ሄድን። ጫማቸውን ሳያደርጉ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

"መለኪያው ሄደ" አሉ። "ምን ላንብብ?"

አንጀቴን በሉት። እህቴ ግን የያዘችውን የቀለም ቆርቆሮ አሳየቻቸው። "ይነሱ ጋሼ፣ ውሃው ሲረጋጋ እንቀባዋለን። ማስጫውንም እርስዎ ያሉት ቦታ፣ ላይ እናደርገዋለን።"

በሳምንቱ ተቀባ። እህቴ መሰላል ላይ ሆና ቀባች፣ እሳቸው ከታች ሆነው እስኪመሽ ጮኹባት።

በነጋታው የሱቄ በር ብርግድ ሲል፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ ቀደምኳቸው።

"ጋሼ፣ ዛሬ ስንት ነው?"

ባሉበት ቀሩ። በአሥራ አንድ ዓመት አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

"ሰባ ሁለት" አሉ። "እህትህ ቀጥ አድርጋ ብትቀባው ኖሮ ግን ሰባ አራት ነበር።"