አርባ ኢንሻላህ ሲደመር ሠላሳ አምስት

የካርቲየ 4 ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር የአዳራሽ ኮሚቴ
የአስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ዓርብ ኅዳር 15 ቀን 2004 ዓ.ም.
ቦታ፦ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 4፣ የማኅበሩ አዳራሽ፣ ከመድረኩ ሥር ያለው ጠረጴዛ
ሰዓት፦ ለ8 ሰዓት ተጠርቶ፣ አስቸኳይ በመሆኑ 8 ሰዓት ከ40 ላይ ተጀመረ

የተገኙ
አቶ ባንቲሁን፣ ሊቀመንበር
ወ/ሮ ዙለይካ፣ የመስተንግዶ ኃላፊ
አቶ ቡልቻ፣ አባል፤ የዛሬው ሙሽራ የቦንሳ አጎት
ዮሳዲቅ፣ የኮምፒዩተር ክፍል (ክፍሉ እሱ ብቻ ነው)
እልፍነሽ፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ
አቶ ሙጠሊብ፣ ስብሰባው ጫት ከተማ ከሚገባበት ሰዓት ጋር ስለተጋጨባቸው ፈቃድ ጠይቀዋል። መልሱን ግን አልጠበቁም።

ከስድስት አባላት አምስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ የኑሪያ የአዳራሽ ጥያቄ

ሊቀመንበሩ ጉዳዩን አስረድተዋል። ኑሪያ በኤሮን ሰፈር በአሠሪዎቿ ቤት እየኖረች የምትሠራ እህታችን ስትሆን፣ ዛሬ በ10 ሰዓት በዚሁ አዳራሽ የወደቡን ሠራተኛ ቦንሳን ታገባለች። ማዳሟ የፈቀደችላት ይህችን ዓርብ ብቻ ነው። ነገ ጠዋት አሠሪዎቿ ልጆቹን ለእሷ ትተው ወደ ውጭ ስለሚሄዱ፣ ከዚያ በኋላ መቼ ከቤት እንደምትወጣ እሷም አታውቅም። ስለዚህ አዳራሹ ዛሬ ካልተፈቀደ ሰርጉ የለም።

አዳራሹ የሚይዘው መቶ ሃያ ሰው ነው። ኑሪያ «አርባ ኢንሻላህ»፣ ቦንሳ ሠላሳ አምስት እንግዳ አስመዝግበዋል። የማኅበሩ ኮምፒዩተር ሁለቱን ደምሮ «40 ኢንሻላህ35» የሚል ውጤት አውጥቷል። ሊቀመንበሩ ይህንን «አራት ሺህ ሠላሳ አምስት፣ መካከሉ ላይ ኢንሻላህ ያለበት» ሲሉ አንብበው ጥያቄው ከአዳራሹ አቅም በላይ መሆኑን አስታውቀዋል። ኢንሻላህ የሚለውን በተመለከተ ማንም ተቃውሞ አላቀረበም።

ዮሳዲቅ «ሰባ አምስት እኮ ነው፤ ሁላችንም እናውቀዋለን» ብሏል። ሊቀመንበሩ በመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ ዘጠኝ መሠረት አባላት በራሳቸው ጭንቅላት መደመር እንደማይፈቀድላቸው አሳስበዋል። አንቀጹ የወጣው በእህታችን በኻሊዳ ሰርግ ሦስት አባላት ሦስት ድምር አምጥተው ሁለቱ እስከ ዛሬ በሰላምታ እንኳ ስለማይገናኙ ነው። «ሰባ አምስት» የሚለው ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ታዟል። ጸሐፊዋ ጊዜ ስታገኝ ትሰርዘዋለች።

ሆኖም መደመር እንጂ ማካፈል ስላልተከለከለ፣ ሊቀመንበሩ አካፍለው እንግዶቹ በሠላሳ አራት ዙር እየገቡ ቢስተናገዱ አዳራሹ እንደሚበቃ ሐሳብ አቅርበዋል። ወ/ሮ ዙለይካ ያዘጋጁት አንድ ድስት ሩዝና ሁለት በግ መሆኑን፣ ለሠላሳ አራት ዙር ግን በጎቹ ራሳቸው እንደማይስማሙ ገልጸዋል። ከረዥም ውይይት በኋላ ሰርጉ በሠላሳ አራት ዙር እንዲካሄድ፣ ምግቡ ግን በአንደኛው ዙር ብቻ እንዲቀርብ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ ስለ መደመር

ዮሳዲቅ ኮምፒዩተሩ ለምን እንዲህ እንደሚደምር እንዲያስረዳ ታዘዘ። ፕሮግራሙ ሁለት ክፍል አለው። የእንግዶቹ ምዝገባ የሚቀመጠው ፓይተን በሚባል ቋንቋ ነው። ኮምፒዩተሩ ያረጀና ዘገምተኛ ስለሆነ ድምሩ የሚሠራው ሲ በሚባል ፈጣን ቋንቋ ነው። ሲ ግን ከፓይተን የሚመጣለት ነገር ምን እንደሆነ አያይም፤ በጨርቅ እንደተሸፈነ ሳህን ነው የሚቀበለው። «ደምር» ሲባል መጀመሪያ በግራ ያለውን ነገር «ከዚህኛው ጋር መደመር ታውቃለህ?» ይለዋል። አላውቅም ካለ በቀኝ ያለውን ይጠይቃል። ሁለቱም ካላወቁ ባዶ እጁን ይመለሳል። ቁጥሮች ሲጠየቁ እንደ ቁጥር ይደመራሉ፤ ጽሑፎች ሲጠየቁ ግን ጎን ለጎን ይቀጣጠላሉ።

ሊቀመንበሩ ቁጥር ሆነው የተመዘገቡትን እንግዶች ማን ጽሑፍ እንዳደረጋቸው ጠይቀዋል። ዮሳዲቅ በቀጥታ ወደ ወ/ሮ ዙለይካ ተመልክቷል።

ወ/ሮ ዙለይካ እንዳስታወሱት፣ አምና በጠቅላላ ጉባኤው «ሰው እንደ ስሚንቶ ከረጢት በባዶ ቁጥር አይቆጠርም፤ ዓይን ይገባዋል» ብለው ያቀረቡት ሐሳብ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ከዚያ ወዲህ የእንግዳ ብዛት የሚገባው ለክብር ሲባል በትእምርተ ጥቅስ ተሸፍኖ፣ እንደ ጽሑፍ ነው፤ ባለቤቱም የፈለገውን ምርቃት ሊጨምርበት ይችላል። ዛሬም ሐሳባቸውን አልቀየሩም። እንዲያውም በትእምርተ ጥቅስ ከገቡ ወዲህ በማኅበሩ ሰርግ የታመመ እንግዳ እንደሌለ ጠቁመዋል።

አቶ ቡልቻ በበኩላቸው ችግሩ ያለው በአቀማመጡ እንደሆነ ተናግረዋል። የወንዱ ወገን በግራ ቢቀመጥ ድምሩ «3540 ኢንሻላህ» ይሆናል። ይህም አንደኛ አራት መቶ ዘጠና አምስት ሰው ይቀንሳል፤ ሁለተኛ ኢንሻላህ መጨረሻ ላይ ስለሚውል የእሳቸውንም እንግዶች ያጠቃልላል። ወ/ሮ ዙለይካ «ሜ ኖን፣ በፍጹም አይሆንም፣ አቶ ቡልቻ» ካሉ በኋላ በግራ ያለው ቀድሞ የሚጠየቅ ከሆነ በግራ መቀመጥ ያለባት ኑሪያ መሆኗን፣ ልጅቱ ጅቡቲ ከገባች ጀምሮ ቀድሞ የጠየቃት ሰው እንደሌለ አስረድተዋል። ሙሽራዋ በግራዋ እንድትቆይ ተወስኗል።

እያንዳንዱ የኑሪያ እንግዳ አንድ ጓደኛ ቢያስከትልስ የሚል ጥያቄ ከሊቀመንበሩ ስለተነሳ፣ በሁለት እንዲባዛ ታዘዘ። ውጤቱ «40 ኢንሻላህ40 ኢንሻላህ» ሆነ። ወ/ሮ ዙለይካ ሁለት ጊዜ አሜን ብለዋል። እንግዲያው ከላዩ ላይ ይቀነስ ተባለ። ጽሑፍ መቀነስ ስለማያውቅ ሲ ባዶ እጁን ተመለሰ። ሊቀመንበሩ ይህ ዜሮ እንግዳ ማለት እንደሆነ ጠይቀዋል። ዮሳዲቅ ዜሮ መልስ መሆኑን፣ ባዶ ግን መልስ ማጣት መሆኑን፣ ባዶ መምጣቱን ሳያዩ ዝም ብሎ መቀጠል ፕሮግራሙን እንደሚገድለው አስረድቷል። አቶ ቡልቻ «እንደኛ ኮሚቴ ነዋ» ያሉት ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሎ ታልፏል።

በመጨረሻ ዮሳዲቅ ከመደመሩ በፊት ሁለቱ ጽሑፎች ወደ ቁጥር እንዲለወጡ ጠይቋል። ወ/ሮ ዙለይካ ይህ እንግዶቹን ማራቆት ነው ብለው ተቃወሙ። ከረዥም ውይይት በኋላ እንግዶቹ ሲ ውስጥ ብቻ፣ ማንም ሳያያቸው ቁጥር ሆነው እንዲደመሩ፣ ሲወጡም ወዲያው በትእምርተ ጥቅስ እንዲሸፈኑ በአራት ድምፅ ተወስኗል። ወ/ሮ ዙለይካ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል።

ተሞከረ። የቦንሳ «35» እሺ ብሎ ቁጥር ሆነ። የኑሪያ «40 ኢንሻላህ» ግን እምቢ አለ። አርባውን እንደ ቁጥር ማንበብ ይቻላል፤ ኢንሻላህን ግን ወደ ቁጥር የሚለውጥ መንገድ በሲም በፓይተንም አልተገኘም። ዮሳዲቅ ቃሉን ልሰርዘው ብሎ ጣቱን ሲዘረጋ አራቱም አባላት ከወንበራቸው ተነስተዋል፤ ሊቀመንበሩ የእግዚአብሔርን ፈቃድ የሰረዘ ኮሚቴ ተብለው መጠራት እንደማይፈልጉ በግልጽ ተናግረዋል። ቃሉን ማንሳት የምትችለው የጻፈችው ብቻ ስለሆነች ኑሪያ እንድትጠራ ተወሰነ። ሰዓቱ 9 ሰዓት ከ45 ሆኗል።

አጀንዳ 3፦ የሙሽራዋ ቃል

ኑሪያ ከአዳራሹ ጀርባ ካለችው የዕቃ ክፍል፣ አንድ እጇ ሂና ሆኖ ሌላው ገና ሳያልቅ ገባች። ሊቀመንበሩ እንኳን ደስ አለሽ ካሉ በኋላ፣ አዳራሹን ለመፍቀድ እንዲቻል ኢንሻላህዋን ለጊዜው እንድታነሳ በትሕትና ጠይቀዋታል።

ኑሪያ እንደማታነሳ ተናገረች። ምክንያቷን ጸሐፊዋ እንዳለ መዝግባዋለች፦

«ጋሼ ባንቲሁን፣ እኔ አርባ ሴት ነው የጠራሁት። አርባዎቹም የሰው ቤት ናቸው። ማዳሟ የለቀቀቻት ትመጣለች፣ ያልለቀቀቻት አትመጣም። ዋላሂ ስንቷ እንደምትመጣ አላውቅም። እሱን ቃል ካነሳሁት አርባ ማለቴ ውሸት ነው የሚሆነው። እናንተ ይበዛሉ ብላችሁ ነው የምትጨነቁት። እኔ የምፈራው የቦንሳ ወገን ሞልቶ፣ በኔ በኩል ባዶ ወንበር ብቻ እንዳይታይ ነው። እናቴ እዚህ የለችም፣ እህት የለኝም። ያሉኝ እነሱ ናቸው።»



በዚህ መካከል ከአርሂባ ሰፈር የመጡት የቦንሳ እንግዶች በሁለት ፒካፕ ክላክስ እያደረጉ ደረሱ። ውሳኔ ሳይጠብቁ ገብተው በቀኝ በኩል ያሉትን ወንበሮች ሞሉ። ወደቡ ሰዎቹን በጊዜ እንደሚለቅ በዚህ ታውቋል። በግራ በኩል የተቀመጡት ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ ልጁን የሚይዝላት ሰው ስላጣች የማዳሟን ልጅ ይዛ መጥታለች።

ኑሪያ ወደ ግራው ወንበር ተመለከተችና ሂናው ያላለቀውን እጇን ከሻሿ ሥር ደበቀች።

አቶ ቡልቻ የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ ብለው ተነሱ። ሊቀመንበሩ እስኪፈቅዱላቸው ግን አልጠበቁም። ወንበራቸውን አንስተው በግራ በኩል፣ በመጀመሪያው መስመር አስቀመጡና ተቀመጡ። «እኔ ዛሬ የልጅቷ አጎት ነኝ። ቦንሳ አጎት አይቸግረውም፤ አርሂባ ሙሉ አለው» ብለዋል። ቀጥለውም ወደ ቀኝ ዞረው ሦስት የወደብ ጎረምሶችን በስም ጠርተው «እናንተም ኑ፣ የሴቷ ወገን ናችሁ» ሲሏቸው፣ ጎረምሶቹ ለምን ብለው ሳይጠይቁ ተሻግረዋል። ወ/ሮ ዙለይካም እሳት ላይ የጣዱትን ድስት ረስተው ተሻገሩ፤ ዮሳዲቅም ኮምፒዩተሩን ሳይዘጋ ተከተለ።

ሊቀመንበሩ በጠረጴዛው ከጸሐፊዋ ጋር ብቻቸውን ስለቀሩ ምልዓተ ጉባኤው መጉደሉን አስታውቀዋል። ሆኖም የመጨረሻውን ውሳኔ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አስተላልፈዋል፤ አባላቱም ከተቀመጡበት እጃቸውን አውጥተው ደግፈዋል።

ውሳኔ

በዛሬው ስብሰባ ስለ ዙሮቹ፣ ስለ ግራና ቀኝ፣ ስለ ማባዛት፣ ስለ መቀነስና ስለ ማራቆት የተወሰነው በሙሉ፣ እንዲሁም አንቀጽ ዘጠኝ ለዛሬ፣ ተሽረዋል። አዳራሹ ለኑሪያ ተፈቅዷል። የጻፈችው ቃል እንደጻፈችው ይቆያል።

ስብሰባው ከቀኑ 10 ሰዓት ከ20 ላይ አበቃ። ሊቀመንበሩም ጸሐፊዋም በሙሽራዋ ወገን ተቀመጡ። ሙሽራው ገብቶ ከበሮው ሲጀመር፣ ሴቶቹ ሁለትም ሦስትም እየሆኑ መምጣት ጀመሩ፤ አንዳንዶቹ ሽርጣቸውን ገና በር ላይ እየፈቱ ነበር። ሁሉም መጡ ማለት አልችልም፤ የአንዳንዶቹ ማዳም አልለቀቀችም። ግን በገቡ ቁጥር ኑሪያ ስማቸውን እየጠራች ትጮህ ነበር፣ እኛም አንድ በአንድ እየተነሳን ወንበራችንን ለቀቅንላቸው። ሰርጉ ሲያልቅ ኮሚቴው በሙሉ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር።