የዓርብ ጭቃ

በዚህ ዓለም ላይ ከዝርክርክ ሰው የባሰ የሚያስቸግር ፍጥረት ቢኖር፣ ንጽሕናን ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው ነው። ዝርክርኩንማ አንዴ ተቆጥተኸው ታልፋለህ። ንጹሑ ግን አይለቅህም። እጅህን ታጠብ ይልሃል፤ ትታጠባለህ። የታጠብክበት ውኃ ከየት መጣ ይልሃል። ከቧንቧ ስትለው፣ ቧንቧው ከምን ተሠራ ብሎ ያፋጥጥሃል። እኔ እንዲህ ካለ ሰው ጋር ዓመታት ሠርቻለሁ። ፀጉሬ ያለ ጊዜው የሸሸውም በሌላ አይደለም።

ነገሩ የሆነው እዚህ ሲያትል፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። የምሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር። ላቦራቶሪ ስል ሳይንቲስት ነበርኩ ማለቴ አይደለም። አገር ቤት እንደዚያ ተወርቶልኛል፤ እኔም አላስተባበልኩም። ሥራዬ ጭቃ መመዘን ነበር። አዎ፣ ጭቃ! የወሎዋን የወረባቦን ያህል ጭቃ ትቶ የመጣ ሰው፣ አሜሪካ ድረስ ጭቃ ሊመዝን ይመጣል? ግን ይሄ ተራ ጭቃ አይደለም። ከአላስካ ጫፍ፣ ከሰሜን ዋልታ ባሕር ዳርቻ፣ በረዶ ተሰብሮ ከባሕሩ ወለል የተዘገነ ነው። በመርከብ፣ ከዚያ በአውሮፕላን፣ በበረዶ ታሽጎ፣ «በጥንቃቄ ያዙ» ተብሎ ተጽፎበት ይመጣል። እኔ አሜሪካ ስገባ እንደዚያ ብሎ የጻፈልኝ የለም።

የላቦራቶሪው አለቃ ፕሮፌሰሩ ናቸው። ጭቃው ውስጥ የሚፈልጉት ከባድ ብረት የሚባሉትን ነው፤ ሜርኩሪ፣ ካድሚየም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ እርሳስ። እርሳስ ስል መጻፊያውን ሳይሆን ጥይት የሚሠራበትን ነው። ሰው በማይደርስበት የዓለም ጫፍ የኛ ጭስና ቆሻሻ ደርሷል ወይስ አልደረሰም? ጥያቄያቸው ይሄ ነው፤ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አልክድም። ጣጣው፣ የሚፈለገው ብረት እጅግ ጥቂት ከመሆኑ የተነሣ አንድ ሰው ቀለበት አድርጎ ቢገባ ዋልታው የቆሸሸ ይመስላል። ሶ፣ እንደ ፈረንጆቹ ልበልና፣ ቀለበት የለም። ሰዓት የለም። ማንኪያው ፕላስቲክ፣ ኩባያው ፕላስቲክ። ነጭ ቱታ፣ ነጭ ቆብ፣ ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛ። ከኔ ላይ የሚታየው ዓይኔ ብቻ ነበር። ይቺን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ዓርብ ልምጣ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ዓርብ ጁምዓ አለብኝ። ከተቀጠርኩ ጀምሮ፣ ዓርብን ልቀቁኝና ቅዳሜ እገባለሁ፣ እሑድ ካላችሁም እሑድ እገባለሁ እያልኩ ለምኛለሁ። በቃል ለመንኩ፣ በደብዳቤ ለመንኩ፣ ባለቤቴ በሠራችው ሳምቡሳም ለመንኩ። ሳምቡሳውን በሉት። ፕሮፌሰሩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ጉዳዩን ባነሣሁ ቁጥር መነጽራቸውን ገፋ አድርገው፣ ወዳጄ፣ ጭቃ ዓርብን ከማክሰኞ አይለይም ይሉኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ይቺኑ እየሰማሁ ወደ ስካይዌይ፣ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ቤት ደግሞ ሐጂ አሉ። ሐጂ የባለቤቴ አባት ናቸው፤ ከደሴ መጥተው ከኛ ጋር ይኖራሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸው ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገቡ ሰው ናቸው፤ ይህንንም ሳይናገሩ የዋሉበት ቀን የለም። የዓርቡ ነገር ከኔ ይልቅ እሳቸውን ያንገበግባቸዋል። አንድ ቀን፣ በቃ፣ አሉኝ፣ መስጊድ ካልለቀቁህ ቢያንስ ዓይንህ ዓርብ መሆኑን ይወቅ። ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ ማለዳ አልጋቸው ጫፍ ላይ ያስቀምጡኝና፣ ከአገር ቤት ካመጧት ብልቃጥ በመኳያዋ እንጨት እየጠቀሱ ሁለቱንም ዓይኔን ይኩሉኛል። እኛ ዘንድ ኩል የሴት ብቻ አይደለም። ትልልቅ ሰዎች ለጁምዓ ይኳላሉ፤ ለዓይንም መድኃኒት ነው ይባላል። እምቢ ልበል? አማት ናቸው እኮ! እምቢ ብል እስከ ረመዳን ድረስ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ሲያወሩልኝ ይከርማሉ። ሶ፣ ዓይኔ እየቆጠቆጠኝ አውቶቡሴን እይዛለሁ።

ሦስት ዓርብ እንዳለፈ ፕሮፌሰሩ እኔንና ሊንዳን ጠሩን። ሊንዳ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ አብራኝ ጭቃ የምትመዝን፣ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ፣ ከንፈሯን ቀይ መቀባት የማይታክታት ሳቂታ ሴት ናት። ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛቸው ላይ ወረቀት ዘረጉ። የእርሳሱ መስመር ከሰኞ እስከ ሐሙስ ፀጥ ብሎ ይሄድና ዓርብ ላይ ሽቅብ ይዘላል። ጭቃው የመጣው ከአንድ ቦታ ነው። የሰሜን ዋልታ ባሕር በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንዴት ይቆሽሻል ብለው ጠየቁን። እኛ ምናችንን እናውቃለን?

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? አላልኩም! ምሁር ሆንኩ። ዓርብ ሰው ሁሉ ከሥራ በጊዜ ወጥቶ በመኪና ከከተማ ውጭ ወዳለው ወደ ሊንውድ ይጎርፋል፤ ቤንዚኑ ደግሞ እርሳስ አለበት፤ ሶ፣ በመስኮት እየገባ ነው አልኩ። ፕሮፌሰሩ በአድናቆት አዩኝ። መስኮቱን በሙሉ በፕላስቲክ አሸግን። ክፍሉ እንደ ምድጃ ጋለ፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ኩሉ ቆጠቆጠኝ፣ እኔም በጓንቴ ጀርባ ጠረግሁ። የዚያ ዓርብ እርሳስ ከበፊቱ እጥፍ ሆነ።

ተማርኩ? ወላሂ አልተማርኩም። ሁለተኛው ሐሳቤ የሊንዳ የከንፈር ቀለም ነበር። ፊት ለፊቷ አላልኩም፤ ለፕሮፌሰሩ ጠጋ ብዬ ነው የተናገርኩት፤ ይሄ ይበልጥ ያሳፍራል። በማግሥቱ ፎርም መጣ፤ ሜክአፕ ትጠቀማለህ ወይ ይላል። ለእኔም ተሰጠኝ! ወንድ ልጅ፣ ያውም የወረባቦ ልጅ፣ ሜክአፕ! ደሜ ፈላ። ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ «አልጠቀምም» ብዬ ፈረምኩ። ዋሽቼ እንዳይመስላችሁ፤ ኩልን ሜክአፕ ነው ያለኝ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ አልነበረም። ሊንዳ ከንፈሯን ሳትቀባ፣ አኩርፋ ገባች። አምስተኛውም ዓርብ እርሳሱ ዘለለ።

ፕሮፌሰሩ መረራቸው። የሚቀጥለው ዓርብ እንደዚሁ ከሆነ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትሰናበታላችሁ አሉ። አንዳችሁ ሲሉ የሚያዩት ሊንዳን ነበር። እሷ ደግሞ እኔን አየችኝ። ማን እንደነገረባት ገብቷታል።

ስድስተኛው ዓርብ ደረሰ። ሊንዳ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ጭቃዋን ትመዝናለች፤ ከሁለታችንም የሚታየው ዓይን ብቻ ነው። ድንገት የፕላስቲክ ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣ ቆይ እስቲ አንተ ሰውዬ፣ ዓይንህ ዓርብ ዓርብ ብቻ የሚያምረው ለምንድን ነው አለችኝ። ምን ልዋሽ፣ ደስ አለኝ። ስለ ወሎ ቁንጅና ላስረዳት አፌን ስከፍት በጣቷ ወደ ጓንቴ አመለከተች። ነጩ ጓንት ጀርባው ጥቁር ሆኗል። ተነሥቼ መታጠቢያ ቤት ወደ መስተዋቱ ሮጥኩ። ያ አላህ! ፊቴ ሁሉ ተሸፍኖ፣ ቱታው ነጭ፣ ቆቡ ነጭ፣ መሀል ላይ ሁለት የተኳሉ ዓይኖች ቁልጭ ቁልጭ ይላሉ። ለካ እርሳሱ ከኩሉ ነው፤ ስድስት ሳምንት ሙሉ ዋልታውን ሳቆሽሽ የከረምኩት እኔው ነኝ።

ሰይጣን መቼ ይቀራል፤ ታጥበህ ዝም በል አለኝ። ብታጠብ እኮ እርሳሱ ይጠፋል፣ ሊንዳ ትሰናበታለች፣ ሰውም እሷ ነበረች ይላል። አላህን ፈርቼ ተናዘዝኩ ብላችሁ ባምርበት ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን ዞር ስል ሊንዳ እጇን አጣምራ በሩ ላይ ቆማለች። አብረን ወደ ፕሮፌሰሩ ገባን።

ኩልን በእንግሊዝኛ ምን ብዬ ላስረዳ? ወደ ዓይኔ አመለከትኩ። ሊንዳ በደስታ፣ ሜክአፕ ነው፣ ሜክአፕ! እያለች ተረጎመችልኝ። ፕሮፌሰሩ ዓይኔን በጥጥ ጠርገው ጥጡን መሣሪያው ውስጥ ከተቱት። የመሣሪያው መርፌ ሽቅብ ወጥቶ ከወረቀቱ አለፈ። የወደብ ጭቃ ውስጥ እንኳ ይሄን ያህል እርሳስ አላየሁም አሉ። ስንት ባሕር ያዩ ሰው፣ ካዩት ዳርቻ ሁሉ የቆሸሸው የኔ ዓይን ዳርቻ ሆኖ ተገኘ። ይሄ ነገር መርዝ ነው፣ ሁለተኛ እንዳይነካህ አሉኝ። ማን ቀባህ ሲሉኝ የሐጂን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሰኞ ውሳኔዬን ትሰማለህ ብለው ወደ ቤቴ ላኩኝ።

ቤት ገብቼ፣ ሐጂ፣ ኩልዎ መርዝ ነው፣ ሥራዬንም ሳያሳጣኝ አይቀርም አልኳቸው። እኒህ ፕሮፌሰርህ መነጽር ያደርጋሉ? አሉኝ። አዎ አልኩ። ወፍራም ነው? አሉኝ። እንደ ጠርሙስ ቂጥ አልኩ። እና ስለ ዓይን ማን ማንን ይምከር አሉና ፊታቸውን አዞሩብኝ። ብልቃጧን ግን ከዚያች ቀን ወዲያ አላየኋትም።

ቅዳሜና እሑድን እንቅልፍ አልነካኝም። ሰኞ ስገባ የላቦራቶሪው በር ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ስሜ አለበት። ተባረርኩ አልኩ። ቀረብ ብዬ ሳነበው፣ ይህ ሰው ዓርብ ቀን በዚህ በር እንዳይገባ፣ በዓርብ ፈንታ ቅዳሜ ይሥራ ይላል። ፕሮፌሰሩ ከኋላዬ መጥተው፣ አንተን አምንሃለሁ፣ አማትህን ግን አላምናቸውም አሉኝ። ሊንዳ ከንፈሯን እንደገና ቀይ ቀብታ ትስቃለች። እኔም አንገቴን ደፋሁ፤ የተቀጣ ሰው መምሰል አለብኝ አይደል?

ሁለት ዓመት ሙሉ በቃልም፣ በደብዳቤም፣ በሳምቡሳም ዓርብ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳቸው ያልቻልኩትን ሰውዬ፣ ጭቃው በስድስት ሳምንት አስረዳቸው።